የአምሪትሳርን ሃምሳ ደቂቃ ማን ይጠየቅበታል?



በዚህ የአንባብያን ዓምድ ላይ ስለ ውሃ መጥፋት፥ ስለ ታክሲ ሰልፍና ስለ መንገድ ጉድጓድ ብዙ ሲጻፍ አነባለሁ። ሁሉም ተገቢ ነው። እኔ ግን ዛሬ ስለ አንድ የቴሌቪዥን ተከታታይ ትርኢት ጥቂት ለማለት ፈልጌ ብዕሬን አነሣሁ። ጽሑፉ ከረዘመ አዘጋጁ እንደ ወደዱ ቢቆርጡት አልቀየምም፤ ስለ አምሪትሳር የተናገርሁትን ብቻ እንዳይቆርጡብኝ አደራ እላለሁ።

ትርኢቱ «አይ ሲ 814፥ የካንዳሃር ጠለፋ» ይባላል። ስድስት ክፍል ያለው ሲሆን አዘጋጁ አኑብሃቭ ሲንሃ የተባለ የህንድ ፊልም ሠሪ ነው። ኔትፍሊክስ የሚባለው ድርጅት ነሐሴ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. ለዓለም አሳየው። እኔ ያየሁት ዘግይቼ ነው፤ ልጄ ከስልኩ ወደ ቴሌቪዥኑ አሳልፎልኝ በሁለት ቅዳሜ ማታ ጨረስሁት። ከዚያ በኋላ በመሥሪያ ቤታችን የሻይ ሰዓት ላይ ነገሩን ባነሣ፥ ለካ ከእኔ በፊት ብዙ ሰው አይቶታል። የመዝገብ ቤቱ ሹም፥ በወጣትነታቸው መርካቶ አዲስ ከተማ ሲኒማ ቤት የህንድ ፊልም ሳያዩ እሑድን የማያሳልፉ የነበሩት ሰው፥ «ዘፈን የሌለበት የህንድ ፊልም እውነተኛ መሆን አለበት» ብለው አሳቁን። ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም፤ ወዲያው ክርክር ተነሣ። ክርክሩ በህንድ አገር ጋዜጦች ላይ ከተነሣው ጋር በጣም ስለሚመሳሰል፥ ከዚህ በታች የማቀርበው የመሥሪያ ቤታችንን ሰዎች አስተያየት ብቻ አይደለም።

ላላዩት አንባብያን ታሪኩን ባጭሩ ልንገር። ታኅሣሥ 14 ቀን 1992 ዓ.ም.፥ በፈረንጆች አቈጣጠር የልደት በዓል ዋዜማ በ1999 መሆኑ ነው፥ ከኔፓል ዋና ከተማ ከካትማንዱ ተነሥቶ ወደ ዴልሂ ይበር የነበረውን የህንድ አየር መንገድ ኤርባስ አምስት ሰዎች ጠለፉት። ከዚያ በኋላ አይሮፕላኑ ጌታው እንደ ጠፋበት በቅሎ ከአገር አገር ዞረ። መጀመሪያ ያረፈው እዚያው ህንድ ውስጥ በአምሪትሳር ነው። ቀጥሎ የፓኪስታን ከተማ ወደሆነችው ወደ ላሆር፥ ከዚያ በዱባይ አጠገብ ወዳለ የጦር አይሮፕላን ማረፊያ ሄደ። እዚያ 27 መንገደኞች ተለቀቁ፤ በጩቤ ተወግቶ የሞተ የአንድ መንገደኛ አስከሬንም ወረደ። የቀሩት በታሊባኖች እጅ ወደነበረችው ወደ ካንዳሃር ተወሰዱ። ጠላፊዎቹ 36 እስረኞች እንዲፈቱላቸውና 200 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፈላቸው ጠይቀው ነበር። ብዙ ከተከራከሩ በኋላ ጥያቄው ወደ ሦስት እስረኞች ወረደ። በስምንተኛው ቀን የህንድ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ጃስዋንት ሲንግ ሦስቱ እስረኞች በተጫኑበት አይሮፕላን ካንዳሃር ድረስ ሄዱ፤ ታጋቾቹም ወደ አገራቸው ተመለሱ።

እንግዲህ ተመልካቹን ከሁሉ በፊት ያጣላው የስም ጉዳይ ነው። በትርኢቱ ውስጥ ጠላፊዎቹ እርስ በርሳቸው ሲጠራሩ «አለቃ»፥ «ዶክተር»፥ «በርገር»፥ «ቦላ» እና «ሻንካር» ይባባላሉ። የመጨረሻዎቹ ሁለት ስሞች የሒንዱ ስሞች ናቸው። ጠላፊዎቹ ግን ከፓኪስታን የመጡ ሙስሊሞች ነበሩ። ስለዚህ ብዙ የህንድ ተመልካቾች «ወንጀለኞቹን ለመሸፈን ሲባል የሌላ ሃይማኖት ስም ተሰጣቸው» ብለው ተቈጡ፤ ትርኢቱን ማንም እንዳያይ የሚል ጥሪም ተሰማ። የአገሩ የማስታወቂያ ሚኒስቴር የድርጅቱን ኃላፊ አስጠርቶ ጠየቀ። በመጨረሻ ትርኢቱ በታየ በአምስተኛው ቀን በመግቢያው ላይ የጠላፊዎቹ እውነተኛ ስምና የሽፋን ስም ጐን ለጐን እንዲጻፍ ተደረገ።

እኔ በበኩሌ በዚህ ጉዳይ ላይ ፊልም ሠሪው ዋሸ አልልም። እነዚያን የሽፋን ስሞች የፈጠራቸው እሱ አይደለም። የህንድ መንግሥት ራሱ ታኅሣሥ 27 ቀን 1992 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ ጠላፊዎቹ በመንገደኞች ፊት በእነዚሁ ስሞች ይጠራሩ እንደነበር ገልጾአል። ከሞት የተረፉ መንገደኞችም ይህንኑ መስክረዋል። ዳሩ ግን የተቈጡትም ሰዎች በሙሉ ተሳስተዋል ማለት አይቻልም። ነገሩ ሲፈጸም ያልተወለደ ልጅ ስድስቱን ክፍል ጨርሶ ሲነሣ እውነተኛውን ስም ካልሰማ፥ በጭንቅላቱ የሚቀረው ቦላና ሻንካር ነው። ለማረም የፈጀው አንድ ገጽ ጽሑፍ ብቻ ነበር፤ መጀመሪያውኑ ቢጻፍ ኖሮ ማንም ከወንበሩ ባልተነሣ። በዚህ ላይ ይህን ያህል ከተባለ ይበቃል።

ሁለተኛው ክርክር «በርገር» ስለሚባለው ጠላፊ ነው። ይህ ሰው በትርኢቱ ውስጥ ከመንገደኞቹ ጋር ይጫወታል፥ ያወራል። በሒሳብ ክፍል የምትሠራ አንዲት ወይዘሪት «ጋሼ፥ ወንበዴን እንዲህ ሰው አስመስሎ ማሳየት ምን ይባላል? ለመውደድ እኮ ምንም አልቀረኝም!» አለችኝ። በህንድም ብዙዎች ይህንኑ ብለዋል። እኔ ግን የሚያስፈራኝ ይኸው መስሎ ይታየኛል። ከታጋቾቹ መካከል የተረፉት ራሳቸው ሰውየው ከሌሎቹ ይልቅ ለስላሳ እንደነበር ተናግረዋል። ያው ለስላሳ ሰው መሣሪያ ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ነበር። ክፉ ሰው ሁሉ ጥርሱን አፋጭቶ ቢመጣማ ማን በቀላሉ ይያዝ ነበር? ይልቅስ በትርኢቱ ላይ ቅር ያለኝ ሌላ ነው፤ ይኸውም የፓኪስታን የስለላ ድርጅት በነገሩ ውስጥ አለበት ስለሚባለው እጅ ፊልሙ እንደ ድመት በቀስታ ረግጦ ማለፉ ነው። በዚህ የተቈጡትን ተመልካቾች አልፈርድባቸውም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ስለ ስም ይህን ያህል ጩኸት ሲሰማ፥ በሁለተኛ ደረጃም ስለ በርገር ጠባይ ሲባል፥ የትርኢቱ እምብርት የሆነውን ነገር ከመቶ ተመልካች አንዱ እንኳ ሲያነሣው አልሰማሁም። ያም አምሪትሳር ነው።

አንባቢ ሆይ፥ ነገሩን እንደ መንግሥት ሠራተኛ ሆነው ይመልከቱልኝ። ካፒቴን ዴቪ ሻራን፥ የአይሮፕላኑ አብራሪ፥ ነዳጅ እንደማይበቃው ለጠላፊዎቹ ነገራቸው። እነሱ ላሆር ሊሄዱ ይፈልጋሉ፤ ላሆር አላሳርፍም አለች። ስለዚህ አይሮፕላኑ ማታ በአንድ ሰዓት ገደማ አምሪትሳር አረፈ። አምሪትሳር የህንድ ከተማ ናት። ፖሊሱ የህንድ፥ የነዳጁ ቦቴ የህንድ፥ የመቆጣጠሪያው ማማ የህንድ፥ መንደርደሪያውም የህንድ ነው። የተጠለፈው አይሮፕላን ነዳጅ ጨርሶ በባለቤቱ ግቢ ውስጥ ቆሟል ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ዕድል ማን ያገኛል?

እዚያ ቆሞ የቆየው ወደ 50 ደቂቃ ለሚጠጋ ጊዜ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ በዴልሂ የተሰበሰበው የአስቸኳይ ጉዳይ ኮሚቴ ምን ሲያደርግ ነበር? ትርኢቱ ያሳየናል፤ ስልክ ይደወላል፥ ስልክ ይጠበቃል። አንዱ መሥሪያ ቤት ጉዳዩ የሌላው ነው ይላል። ዴልሂ የክፍለ ሀገሩ ፖሊስ ይሥራው ስትል፥ ክፍለ ሀገሩ ደግሞ ግልጥ ትእዛዝ ከበላይ ይምጣልኝ ይላል። ኮማንዶዎቹ በሰዓቱ አልደረሱም። አብራሪው በበኩሉ ከአይሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ «ነዳጅ ላኩልን፥ ሰው ሊገድሉብን ነው» እያለ በሬዲዮ ይለምናል። እውነትም በዚያን ሰዓት በጀርባው መንገደኞች በጩቤ ይወጉ ነበር። በመጨረሻ ነዳጅ የጫነው ቦቴ ወደ አይሮፕላኑ ተላከ፤ መንገድ እንዲዘጋ ታስቦ ነው። ቦቴው ግን በመንገድ ላይ ድንገት ቀጥ ብሎ ቆመ። ጠላፊዎቹ ጠረጠሩ። ካፒቴኑን አስገድደው ነዳጅ ሳይቀዳ አስነሡት፤ አይሮፕላኑም ቦቴውን ለጥቂት ስቶት ወደ ጨለማው ወጣ።

ላሆር ደግሞ የማረፊያውን መብራት አጠፋች። ካፒቴኑ መንደርደሪያ መስሎት ወደ አንድ የመኪና መንገድ ወርዶ፥ ሊያርፍበት ጥቂት ሲቀረው ስሕተቱን አይቶ እንደገና ከፍ አደረገው። ቀጥሎ ማረፊያው ተፈቀደለት። ይህን ሳይ ሻዬ በእጄ ላይ ቀዘቀዘ። ለምን ቢባል፥ ያ ሁሉ ሰው በነዳጅ ጠብታ ላይ ሲንጠለጠል ነዳጅም ቦቴም የነበረበትን ቦታ ትቶ ነው የመጣው።

በዚያን ጊዜ የህንድ የውጭ ስለላ ድርጅት የበላይ የነበሩት ኤ. ኤስ. ዱላት በ2007 ዓ.ም. አምሪትሳር ላይ ነገሩ እንደ ተበላሸ፥ ውሳኔውን በራሱ ላይ ሊወስድ የፈለገ ሰው እንዳልነበረ በአደባባይ አምነው ተናግረዋል። አሥራ አምስት ዓመት ካለፈ በኋላ መሆኑ ነው። ቢዘገይም የተናገሩት ሰው አመስጋኝ አለኝ፤ ብዙ ባለሥልጣን ይህን ቃል ይዞት ወደ መቃብር ይወርዳል።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «አንተ ደግሞ ነገርን ሁሉ ወደ ቢሮ ትወስዳለህ» አለኝ። ልክ ነው፥ እወስዳለሁ። ሠላሳ ዓመት ያህል ቢሮ የተቀመጠ ሰው ሌላ ወዴት ይወስዳል? ከብዙ ጊዜ በፊት በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የዕቃ ግምጃ ቤቱ ጣራ ያፈስ ጀመር። የግምጃ ቤቱ ጠባቂ በሰኔ መጀመሪያ አመለከተ። ማመልከቻው «ለሚመለከተው ይመራ» ተብሎ ወረደ፥ «አስተያየት ይቅረብበት» ተብሎ ወጣ፥ እንደገና «በበጀቱ መሠረት ይታይ» ተብሎ ወረደ። ቆርቆሮው የተገዛው በመስከረም ነው። በዚያን ጊዜ ክረምቱም አልፎ ነበር፥ ወረቀቱም ሁሉ ሻግቶ ነበር። በዚያ ፋይል ላይ የፈረሙት ሰዎች ሁሉ ጨዋዎችና ታታሪዎች ነበሩ፤ አንዳቸውም ደንብ አልጣሱም። እዚያ የጠፋው ወረቀት ነው። አምሪትሳር ላይ ቆሞ የነበረው ግን ከ150 የበለጠ ሰው የያዘ አይሮፕላን ነበር።

በእርግጥ የሚከራከረኝ ሰው ይኖራል። «ጥድፊያስ ቢሆን ሰው አይጨርስም ወይ?» ሊል ይችላል። ይጨርሳል። በኅዳር ወር 1978 ዓ.ም. በማልታ ደሴት የግብፅ አየር መንገድን አይሮፕላን ለማስለቀቅ ኮማንዶዎች በገቡ ጊዜ ወደ 60 የሚጠጋ ሰው አልቆአል። በጥቅምት 1970 ዓ.ም. ደግሞ እዚሁ ጐረቤታችን ሞቃዲሾ ላይ የጀርመን ኮማንዶዎች የሉፍታንዛን አይሮፕላን ሰብረው ገብተው በውስጡ የነበሩትን 86 ታጋቾች በሙሉ አውጥተዋል፤ ካፒቴኑ ግን ከዚያ ቀደም ብሎ ኤደን ላይ ተገድሎ ነበር። ስለዚህ ኮማንዶ ለምን አልገባም ብዬ ከሩቅ ሆኜ አልፈርድም። የምጠይቀው ከዚያ ያነሰ ነው። መንደርደሪያውን በሁለት ከባድ መኪና ለመዝጋት የስንት ሰው ፊርማ ያስፈልጋል?

ይህን ነገር ሳልለቅ ወደ ካንዳሃር እንሂድ። በመሥሪያ ቤታችን እጅግ የከረረው ክርክር «እስረኞቹ መለቀቅ ነበረባቸው ወይስ አልነበረባቸውም?» የሚለው ነው። ከተለቀቁት ሦስቱ አንዱ ማሱድ አዝሃር ነው፤ ይህ ሰው ከተፈታ በኋላ ጥቂት ወራት ሳይቈይ ጃይሽ ኤ ሞሐመድ የተባለውን ታጣቂ ድርጅት አቋቋመ። ከዚያ በኋላ በህንድ የፈሰሰውን ደም አንባቢ ያውቀዋል። ስለዚህ አንድ የሥራ ባልደረባችን፥ በጠባዩ ቆራጥ የሆነ ሰው፥ «መንግሥት ከወንበዴ ጋር አይደራደርም፤ የታጋቾቹ ቤተ ሰቦች በጠቅላይ ሚኒስትሩ ደጅ ሄደው መጮኻቸው አገሪቱን አስጠቃ» አለ። ትርኢቱም የቤተ ሰቦቹን ጩኸት ያሳያል። የመዝገብ ቤቱ ሹም ይህን ሲሰሙ «ወንድሜ፥ ልጅህ እዚያ ውስጥ ብትሆን የትኛውን በር ትቀር ነበር?» ብለው ጠየቁት። ዝም አለ።

እኔም ለእሳቸው አደላለሁ። በካንዳሃር አይሮፕላኑ በታሊባን ታንክ ተከቦ ቆሞ ሳለ ለህንድ መንግሥት የቀረ መልካም ምርጫ አልነበረም። ሦስት እስረኛ መልቀቅ ክፉ ነው፥ ከ150 የበለጠ ሰው ማስጨረስ ይብሳል፤ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ። እናቶቹ በዴልሂ አደባባይ ከመጮኻቸው በፊት፥ ጃስዋንት ሲንግ ከእስረኞቹ ጋር አይሮፕላን ከመሳፈራቸው በፊት፥ ዋጋው ተቈርጦ ነበር። የተቈረጠውም በመጀመሪያው ማታ፥ ማንም ባልወሰነበት በዚያ ሃምሳ ደቂቃ ውስጥ ነው። ታዲያ ተመልካቹ ሚኒስትሩን ሲረግም፥ ሌላው ቤተ ሰቡን ሲወቅስ፥ የአምሪትሳሩን ኮሚቴ ማንም አይጠይቀውም። ኮሚቴ ደግሞ ፊት የለው፥ ስም የለው፤ ለመርገምም አይመች።

እዚህ ላይ ስለ ሌላ ትርኢት ላነሣ እፈቅዳለሁ። በ2015 ዓ.ም. የታየ፥ ኢድሪስ ኤልባ የተባለው ዝነኛ እንግሊዛዊ ተዋናይ የሚሠራበት «ሃይጃክ» የሚባል ተከታታይ ትርኢት አለ። ከዱባይ ወደ ለንደን የሚበር አይሮፕላን ይጠለፋል፤ ጕዞው ሰባት ሰዓት፥ ትርኢቱም ሰባት ክፍል ነው፤ እንደ ሰዓቱ ልክ ይሄዳል። በመሥሪያ ቤታችን ያሉት ወጣቶች ከህንዱ ይልቅ ይህን ይወዱታል። ምክንያቱ ግልጥ ነው። ተዋናዩ ሳም ኔልሰን የተባለ፥ ሥራው የኩባንያዎችን ድርድር መምራት የሆነ መንገደኛ ነው፤ በምላሱ ጠላፊዎቹን አንድ በአንድ ያታልላል። «ያን ሁሉ ሽጕጥ እንዴት አድርገው አስገቡት?» እያሉ ይተቹታል፤ እንደገና ደግሞ ቀጣዩን ክፍል ይከፍታሉ። እኔም ከፍቻለሁ፤ ማለፊያ መዝናኛ ነው። ነገር ግን አንድ ብልህ ሰው ብቻውን አይሮፕላን የሚያድንበት ትርኢት፥ ኮሚቴው ምንም ባይሠራም ግድ የለም የሚል ስሜት ያሳድራል። አንድ ኔልሰን ይገኛል ብለን ተኝተን እናድር ዘንድ ነው። የህንዱ ካፒቴን ቢያንስ ኔልሰን አይደለም፤ የሚችለውን ያደርጋል፥ ነዳጁ ሲያልቅ ያልቃል።

ስለ ነዳጅ ከተነሣ ደግሞ እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ነገር ከፊልም አልተማርነውም። ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣውን የአየር መንገዳችንን ቦይንግ 767፥ በረራ ቍጥር 961፥ ሦስት ሰዎች ጠለፉት። ከአይሮፕላኑ ውስጥ መጥረቢያና የእሳት ማጥፊያ ነጥቀው ያዙ፤ ቦምብም አለን አሉ። ወደ አውስትራሊያ ውሰደን አሉት። ካፒቴን ልዑል አባተ ነዳጁ ለናይሮቢ ተብሎ የተቀዳ ስለሆነ ለዚያ እንደማይበቃ ነገራቸው። እነሱ ግን በአይሮፕላኑ ውስጥ ከተቀመጠው መጽሔት ላይ ይህ ዓይነት አይሮፕላን 11 ሰዓት መብረር እንደሚችል አንብበው ኖሮ አላመኑትም። መጽሔቱ አልዋሸም፤ ጋኑ ሲሞላ ማለቱ ነው። ካፒቴኑ ከምድር ላለመራቅ የአፍሪቃን ጠረፍ ይዞ ወደ ደቡብ በረረ። ሲነቁበት ወደ ባሕሩ አዞሩት። ኮሞሮስ ደሴቶች አጠገብ ሲደርስ ሞተሮቹ አንዱ ካንዱ ቀጥሎ ጠፉ። ወደ ሞሮኒ ማረፊያ ሊያደርሰው ሲሞክር ጠላፊው በመሪው ላይ ታገለው፤ ስለዚህ በአንድ ሆቴል አጠገብ ባሕሩ ላይ አወረደው። ግራ ክንፉ ውሃውን ቀድሞ መታ፤ አይሮፕላኑ ተሰባበረ። ከ175 ሰው 125ቱ አለቁ፥ 50ው ተረፉ። ከሞቱት መካከል የ1977ን ረኃባችንን በካሜራው ለዓለም ያሳየው ኬንያዊው መሐመድ አሚን ይገኝበታል። የሆቴሉ እንግዶችና የአገሩ ሰዎች በጀልባ እየወጡ ያወጡአቸው ባይሆን የተረፈው ያንሳል።

ወጣቶቹ ይህን አያውቁም። የሒሳብ ክፍሏ ወይዘሪት ስነግራት «በዚያን ጊዜ አልተወለድኩም» አለችኝ። ስለ ሳም ኔልሰን ግን ሰባቱን ሰዓት በቃሏ ታውቃለች! የሚያስቀይም አይደለም፤ ማንም አላሳያትም።

አንድ ነገር በጐን ላክልበት። የካቲት 10 ቀን 2006 ዓ.ም. ወደ ሮም ይሄድ የነበረውን የእኛኑ አይሮፕላን ረዳት አብራሪው ካፒቴኑን ውጭ ዘግቶበት ወደ ጄኔቭ ወስዶ ባሳረፈው ጊዜ፥ አጅበው ያመጡት የኢጣልያና የፈረንሳይ ተዋጊ አይሮፕላኖች ነበሩ። የስዊስ አየር ኃይል ለምን አልተነሣም ቢባል፥ ገና የሥራ ሰዓት አልገባም ነበር። ይህ ቀልድ አይደለም፤ በዚያን ጊዜ የስዊስ ተዋጊዎች ከጧቱ ሁለት ሰዓት በፊት አይነሡም ነበር፥ አይሮፕላኑ የደረሰው ደግሞ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን ሁሉም በሰላም ወረደ። የሰዓት ፊርማ የሚያስጨንቀን ሰዎች ይህን ስንሰማ በመጠኑ ተጽናንተናል።

እንግዲህ ለቴሌቪዥን ጣቢያዎቻችንና ለድርሰት ሰዎቻችን አንድ ልመና አለኝ። ስለ 961 ተከታታይ ትርኢት ቢሠራ አገር ያየዋል። ሲሠራ ግን እንደ ህንዶቹ ከታየ በኋላ ስም ለማረም መሯሯጥ እንዳይመጣ፥ አስቀድሞ የሟቾቹን ቤተ ሰቦችና የተረፉትን ሰዎች መጠየቅ ያሻል፤ እንዲታይባቸው የማይፈልጉት ነገር ካለ ይከበርላቸው። ካፒቴን ልዑልንም ኔልሰን እንዳያደርጉብን። በመሪው ላይ የታገለው፥ ነዳጁን እየቈጠረ አራት ሰዓት ያህል የበረረው ሰውዬ ምንም ጌጥ አይፈልግም። ውሃው ውስጥ ሳይገቡ የመንሳፈፊያ ጃኬታቸውን አይሮፕላኑ ውስጥ በመንፋታቸው መውጫ አጥተው ስለ ሰጠሙት መንገደኞችም ይታይ፤ ሰው በአይሮፕላን በተሳፈረ ቍጥር አስተናጋጇ «ከመውጣትዎ በፊት አይንፉት» ስትል ስልኩን ከማየት ቀና እንዲል።

መሬት ላይ ስለ ነበሩትም ሰዎች አንድ ክፍል ይመደብላቸው። በዚያን ዕለት በአዲስ አበባ፥ በናይሮቢና በሞሮኒ በስልክና በሬዲዮ ፊት የተቀመጡት ምን ሰሙ? ማን ለማን ደወለ? ማንስ ወሰነ? በመዝገብ ቤቶቻችን ውስጥ ስለዚያ ቀን የተጻፈ ወረቀት በእርግጥ አለ፤ ጣራው ካላፈሰሰበት። ድርሰቱን የሚጽፈው ሰው መጀመሪያ እሱን ያስወጣ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤

የዘወትር አንባቢዎ
ከአዲስ አበባ